ደሴቱ ይጎበኛል፤ ደሴተኛው ይሰደዳል



ከአዳማም ሆነ ከአዲስ አበባ ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚወስዱ የእሑድና የበዓል ቀን ጉዞዎች መርሐ ግብራቸው ከአንድ ወረቀት ተቀድቶ የተባዛ ይመስላል። ማለዳ መነሣት፤ በሞጆ በኩል በፍጥነት መንገዱ ባቱ መግባት፤ ቁርስ፤ በሞተር ጀልባ ጉማሬና አእዋፍ እያዩ ወደ አንዱ ደሴት መሻገር፤ ዳገቱን ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን መሳለም፤ ፎቶግራፍ መነሣት፤ ተመልሶ የቆሮሶ ጥብስ መብላት፤ ሳይመሽ ቤት መግባት። ደሴቱ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ለምሳ ከሚጠፋው ጊዜ እምብዛም አይበልጥም። ተጓዡ ግን በማግሥቱ ለሥራ ባልደረቦቹ «ቱሉ ጉዶን አይቼ መጣሁ» ይላል።

ለመሆኑ ምን አየ?

የዛሬው ሙግቴ ከጉብኝት ጋር አይደለም። አገሩን ዞሮ የማያይ ምሁር አገሩን የሚያውቀው በወሬ ነውና፣ ሰው ይጓዝ፣ ይይ፣ ይደሰት። ሙግቴ ደሴቱን እንደ ግድግዳ ሥዕል አንጠልጥሎ ከሚሸጠውና ከሚገዛው፣ ደሴቱን ለዘመናት የሰው መኖሪያ ያደረገውን ሕዝብ ግን በመርሐ ግብሩ ውስጥ አንዲት መስመር ከሚነፍገው ልማድ ጋር ነው። የዚህ ልማድ ባለቤቶች ደግሞ ብዙዎች ነን፦ የቱሪዝም ቢሮው፣ አስጎብኚው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የተማረው የከተማ ተጓዥም።

እስኪ በቅድሚያ ስለ ባለቤቶቹ እንነጋገር።

የዝዋይ ሐይቅ አምስት ደሴቶች አሉት፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፈንዱሮ፣ ደብረ ሲና እና ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። ስሙ በአፋን ኦሮሞ «ትልቁ ተራራ» ማለት ሲሆን በቤተ ክርስቲያን አጠራር ደብረ ጽዮን ይባላል። የደሴቱ ትውፊት እንደሚለው በዮዲት ጉዲት ዘመን አክሱም ስትወረር ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሹ፤ ለአሥርት ዓመታት ጠብቀውት ሰላም ሲሆን ወደ አክሱም መለሱት። የታሪክ ተመራማሪ በዚህ ትውፊት ላይ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች አሉት፤ ምእመኑም የራሱ መልስ አለው፤ ወደዚያ ክርክር አልገባም። የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው። አስጎብኚውም ሆነ የቢሮው በራሪ ወረቀት ታሪኩን የሚጨርሱት ታቦቱ በተመለሰበት ቦታ ላይ ነው። ታቦቱ ተመለሰ፤ ታሪኩም አለቀ! ከዚያ በኋላ ባለው ሺህ ዓመት ደሴቱ ላይ ማን ኖረ? ምን በላ? በምን ቋንቋ ልጁን አሳደገ? ይህ በወረቀቱ ላይ የለም።

የኖረው የዛይ ሕዝብ ነው። ቋንቋው ዛይኛ ሴማዊ ቢሆንም፣ የአክሱሙን ትውፊት ብቻ የሰማ ሰው እንደሚገምተው የትግርኛ ታናሽ ወንድም አይደለም። በቅርብ የሚዛመደው ከስልጤኛ፣ ከወላኔኛና ከሐረሪ ቋንቋ ጋር ነው። ይህ አንድ እውነት ብቻውን የዛይ ታሪክ ከሰሜን በሸሹ ካህናት ብቻ ተተርኮ እንደማያልቅ ይነግረናል። በተለያየ ዘመን፣ ከተለያየ አቅጣጫ፣ በተለይም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦርነት ወቅት፣ ውኃውን ምሽግ አድርገው የተሰባሰቡ ሰዎች ውሕደት ነው። ዛዮች ዓሣ አጥምደዋል፤ ሸማ ሠርተዋል፤ በደንገል ታንኳ ሐይቁን አቋርጠው በዳርቻው ካሉት ከአርሲ ኦሮሞዎች ጋር ተገበያይተዋል። ኦሮሞዎቹም «ላቂ» ብለው ጠሯቸው። ገደላማውን መሬት በድንጋይ እርከን እየሠሩ ያረሱት ግብርና ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ከመታሰቡ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የአጼ ምኒልክ ጦር አርሲን ካስገበረ በኋላ የየብሱ መንገድ ሲከፈት ከደሴት ወደ ዳርቻ መውረድ ተጀመረ፤ እስከ ዛሬም አልቆመም። አሁን ዛዮች በብዛት የሚገኙት በሐይቁ ዙሪያ ባሉ መንደሮች፣ በመቂና በባቱ ነው። ወጣቱ የሚወርደው ትምህርት፣ ሕክምናና መሬት ፍለጋ ነው። ማንም በጠመንጃ አላስወጣውም። የሚያኖረው ነገር ስላጣ ወጣ።

እንግዲህ ጉብኝቱ ለዚህ ሕዝብ የሚያስቀረውን እናስላ። የጀልባው ኪራይ የሚከፈለው ባቱ ወደብ ላይ ነው። ምሳው የሚበላው ባቱ ነው። አልጋ የሚይዝ ካለም ባቱ ይይዛል። ደሴቱ የሚደርሰው ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጥ ሙዳየ ምጽዋትና ለሕፃናት የሚታደል ከረሜላ ነው። ይህን ቱሪዝም ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ገበያ ቢሆን ኖሮ ሻጩ ዋጋ ይጠራ ነበር።

ይህ በእኛ አገር የተፈጠረ በሽታ አይደለም። ባሕር ባላቸው አገሮች ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች አንድን ትንሽ ደሴት ለግማሽ ቀን ይጎበኛሉ፤ ሺህ ሰው ያራግፋሉ፤ ሲመሽ ይሰበስባሉ። መንገደኛው የሚበላው መርከቡ ላይ ነው፤ የሚተኛውም መርከቡ ላይ ነው። ለደሴቱ የሚተርፈው ግፊያና ቆሻሻ ነው። ቬኒስ ይህ ሲመራት እ.ኤ.አ. በ2021 ግዙፍ መርከቦች በከተማዋ መሐል እንዳያልፉ ተከለከለ፤ በ2024 ደግሞ አድረው ከማይሄዱ የአንድ ቀን ጎብኚዎች በተመረጡ ቀናት 5 ዩሮ መሰብሰብ ጀመረች። የሄይቲው ላባዲ የባሰ ነው። ይህ ባሕረ ገብ መሬት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለአንድ የመርከብ ኩባንያ ተከራይቶ፣ ከአገሩ ሕዝብ በአጥር ተለይቶ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ ዋና ከተማዋን ፖርቶ ፕሪንስን አፈራርሶ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ከቀናት በኋላ መርከቦቹ ላባዲ ላይ ቆመው መንገደኞቻቸውን ለፀሐይና ለዋና አወረዱ። ኩባንያው እርዳታም አብሮ ጭኖ ስለነበር «ብንቀር ኖሮ ማን ይጠቀም ነበር?» ብሎ ተከራከረ። መልሱ ሙሉ በሙሉ ባዶ አልነበረም። ይሁን እንጂ የዓለም ሕዝብ ያየው አጥሩን ነው።

እኛ አጥር የለንም። እኛ ያለን የማየት ሰነፍነት ነው፤ እሱም እንደ አጥር ያገለግላል።

በቅርቡ ያየነው የጣና ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2025 «ጣና ነሽ 2» የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ስትጓዝ ሕዝቡ በየከተማው እየወጣ ተመለከታት። የባሕር በር የሌለው አገር መርከብ በአስፋልት ሲያጓጉዝ ማየት የሚያስደንቅ ነው፤ ደስታውን አላጣጥልም። ነገር ግን ጣናን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለወረረው እምቦጭ እንደዚያ መንገድ ዳር የቆመ ሕዝብና እንደዚያ የተጋ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ቢኖር ኖሮ ምን ይመስል ነበር? መርከብ ለካሜራ ትመቻለች። አረም መንቀል አይመችም። የልማት ቅደም ተከተላችንን የሚወስነው ካሜራ ከሆነ ደሴተኛው ምንጊዜም ከምስሉ ውጭ ይቀራል።

ወደ ዝዋይ እንመለስ፤ ሐይቁ ራሱ አደጋ ላይ ነውና። ጥልቅ ነው በሚባለው ቦታ እንኳ 9 ሜትር ግድም ነው። ስፋቱ ደግሞ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰፊ ሳሕን ላይ የፈሰሰ ውኃ በሉት። ከእንዲህ ዓይነት ሐይቅ ላይ ግማሽ ሜትር ሲቀነስ ዳርቻው ሩቅ ይሸሻል። ውኃ የሚያመጡለት የመቂና የቀጠር ወንዞች ከላይ ለመስኖ ይጠለፋሉ። ከራሱ ከሐይቁ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ የሽንኩርትና የቲማቲም አምራቾች በሞተር ይስባሉ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የተስፋፋው ሰፊው የጽጌረዳ እርሻም ይስባል። የባቱ ከተማም ይጠጣል። የጸረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት በሐይቁ ውኃ ውስጥ መገኘቱን ጥናቶች አሳይተዋል፤ እምቦጩም ደርሷል። አበባው ብቻውን ጥፋተኛ ነው አልልም። ለብዙ ሺህ ሰው ሥራ ሰጥቷል፤ ሆስፒታልና ትምህርት ቤትም ሠርቷል፤ የገበሬው ሞተርና መርጫም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃ ለመጠቀም ፈቃድና ክፍያ ያስፈልጋል ሲል የደነገገው ለጌጥ ነበር እንዴ? ማን ስንት ይስባል የሚለው መዝገብ በአደባባይ ተለጥፎ ያየ ዓሣ አጥማጅ አለ? ተፋሰሱን የሚመራው መሥሪያ ቤት ስሙና ተጠሪነቱ ደጋግሞ ሲቀያየር ሐይቁ ጠባቂው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ሰነበተ። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» እንዲሉ፣ ውኃው በሸሸ ቁጥር በተገለጠው መሬት ላይ ለመዝራት የሚሽቀዳደመው ብዙ ነው።

ይህ ወዴት እንደሚያደርስ ማየት የሚፈልግ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ይውረድ። ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ አብያታን ይመግባል። ከአብያታ አጠገብ ሻላ አለ፤ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር የሚበልጥ፣ ውኃው ለዓሣ የማይመች። በሻላ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ፔሊካኖች ጎጆ ሠርተው ይፈለፍላሉ። ሻላ የሚበላ ስለማይሰጣቸው ቀለባቸውን የሚያመጡት ከአብያታ ነበር። የቡልቡላ ፍሰት ሲመነምንና የሶዳ አሽ ፋብሪካው የአብያታን ውኃ ሲስብ አብያታ እየሸሸ፣ እየመረረ ሄደ፤ ዓሣውም ጠፋ። ወፎቹ ቀለብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነባቸው፤ ቁጥራቸውም ተመናመነ። ደሴቷ እንደ ቀድሞው በቦታዋ አለች፤ ማንም አልነካትም። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናት፤ በካርታም በወረቀትም የተጠበቀች ናት። የተነካው ደሴቷን የሚያኖረው ነገር ነው። የቱሉ ጉዶም ነገር ከዚህ አይለይም። ቤተ ክርስቲያኑን ማደስ፣ የጀልባ መቆሚያ በሲሚንቶ መሥራት፣ የብራና መጻሕፍቱን በመስታወት ሣጥን ማኖር ይቻላል። ዓሣው ካለቀና ወጣቱ ከወረደ ግን የቀረው ጎጆ ነው፤ ያውም ወፍ የሌለበት።

ስለ ስም ላንሣ። በእኛ አካባቢ የፖለቲካ ወኔ በቶሎ የሚጋለው በስም ጉዳይ ነው። አዳማ ነው ወይስ ናዝሬት? ባቱ ነው ወይስ ዝዋይ? ናዝሬት የሚለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሰጠ፣ አዳማ የሚለውም በ1992 ዓ.ም. በይፋ የተመለሰ ስም መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ግን ዛሬም ይጣላል። የስም ጥያቄ ቀላል ነው አልልም፤ የተነጠቀ ስም የተነጠቀ ክብር ነው። ነገር ግን ከሁለቱም ወገን «ዝዋይ» የሚለው ቃል ራሱ ከዛይ ስም የመጣ ነው የሚባለውን አስታውሶ «እነዚህስ ሰዎች ምን ይላሉ?» ብሎ የጠየቀ ስንት ተከራካሪ ገጥሟችኋል? አንዱ የኦሮሚያን፣ ሌላው የኢትዮጵያን ታሪክ ሲያስከብር ዛዩ የሁለቱም ታሪክ የግርጌ ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል። ለአንድ ትውልድ የጋዜጣ አንባቢ ደግሞ ዝዋይ ማለት ወህኒ ቤት ነበር፤ ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ የሚታሰርበት። ቀጥሎ አበባ ሆነ፤ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የቀረበው ወይን ጠጅ ሆነ። ለእስረኛውም፣ ለጽጌረዳውም፣ ለወይኑም ስም ያገኘ ከተማ ለደሴተኛው ስም አጣለት።

የእኔ ሙያ ሰዎችም አያመልጡም። ወደ እነዚህ ደሴቶች መቅጃ ይዞ የሚሻገር ተመራማሪ አለ፤ ሽማግሌ ያነጋግራል፣ ቃላት ይለቅማል፣ ማዕረግ ያገኛል። የጥናቱ ቅጂ ግን ቱሉ ጉዶ ላለው ትምህርት ቤት አይደርስም። ታላቁ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው የዛይኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1999 በውጭ አገር አሳትሟል። ስለዚህ ዛይኛ መዝገበ ቃላት አለው፤ የዛይ ልጅ ግን የፊደል ገበታ የለውም። ያው ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 የጋፋትን ቋንቋ ፍለጋ ወደ ጎጃም ሲሄድ የሚናገሩ አራት ሰዎች ብቻ ነበር ያገኘው። ጋፋት ዛሬ በመጽሐፍ ውስጥ እንጂ በአፍ ላይ የለም። ያኔ አራት ሰው ሲቀር የደረስንበትን ጉዳይ፣ ዛሬ ጥቂት ሺህ ሰው እያለ ልንደርስበት እንችላለን። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ታላቅ ልዩነትም ነው።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ። «ቋንቋ ይወለዳል፣ ይሞታል፤ ሰው ሠርቶ መብላቱ ይበልጣል» የሚሉ አሉ። ሠርቶ መብላቱ ይበልጣል፤ እስማማለሁ። ነገር ግን ለሰውዬው ዓሣውንም ቋንቋውንም አሳጥተን ከሁለቱ አንዱን የመረጠለት ወዳጅ መስለን መቅረብ አይገባም። «ጎብኚው ባይመጣስ ምን ያገኙ ነበር?» የሚሉም አሉ። ይህ የላባዲው ኩባንያ ክርክር ነው። ጥያቄው ይምጣ ወይስ ይቅር አይደለም፤ በማን ደንብ ይምጣ ነው። «ክልሉ ብዙ ችግር አለበት፤ ለጥቂት ሺህ ሰው ጊዜ የለም» የሚል ባለሥልጣን ካለም፣ ሕገ መንግሥቱን ይግለጥ። አንቀጽ 39 ማንኛውም ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት አለው ሲል በሕዝብ ብዛት አልመነዘረውም። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። አንቀጽ 41 የታሪክና የባህል ቅርሶችን መንከባከብን የመንግሥት ኃላፊነት አድርጎታል። ቅርስ ደግሞ ብራና ብቻ አይደለም፤ ብራናውን በጦርነትና በድርቅ ውስጥ ከእሳትና ከምስጥ የጠበቀው እጅም ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ተራራ የሚያንቀጠቅጥ ነገር አይደለም።

1ኛ/ ደሴት ላይ የሚወርድ ጎብኚ ሁሉ የመውረጃ ክፍያ ይክፈል፤ ገንዘቡም በደረሰኝ ለደሴቱ ነዋሪዎች ማኅበር ገቢ ይሁን። ለጀልባ ከሚከፈለው ላይ ጥቂት መቶ ብር መጨመር የከተማን ሰው አያደኸይም።

2ኛ/ ደሴቱን የሚያስጎበኘው የደሴቱ ልጅ ይሁን። የአያቱን እርከን የሚያሳይ ወጣት ደመወዝ ካገኘበት ደሴቱ ላይ ለመቆየት አንድ ምክንያት ያገኛል።

3ኛ/ ትምህርት ቢሮው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ዛይኛ ቢያንስ እንደ አንድ ትምህርት የሚሰጥበትን መንገድ ይክፈት። የዛይ ልጅ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ይወቅ፤ ያስፈልገዋል፤ አባቶቹም ያውቁ ነበር። የአባቱን ቋንቋ ግን እነዚህን ለመግዛት በዋጋ መልክ አይክፈል።

4ኛ/ በዙሪያችን ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ዛይና ስለ ሐይቁ የሠሯቸውን ጥናቶች ሰብስበው ቅጂውን ባቱና ቱሉ ጉዶ ላይ ያኑሩ፤ ለነዋሪውም በሚገባው ቋንቋ ያስረዱ።

5ኛ/ ከሐይቁ ማን ምን ያህል ውኃ እንደሚስብ የሚያሳየው መዝገብ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። የሽንኩርት ገበሬውም፣ ትልቁ የአበባ እርሻም፣ ከተማውም በአንድ ዝርዝር ላይ ይቀመጡ።

እነዚህ ሁሉ ነገ ባይፈጸሙ እንኳ የተማረው ተጓዥ ዛሬ ሊያደርገው የሚችለው አለ። ጀልባው ላይ ሲወጣ «እዚያ ማን ይኖራል?» ብሎ ይጠይቅ። ደሴቱ ላይ ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት ሽማግሌዎቹን ሰላም ይበል። ቡና ቢጠራ ይቀመጥ፤ ዋጋውንም ይክፈል። በዛይኛ እንዴት ሰላም እንደሚባል ይጠይቅና በቃሉ ይያዝ። ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ሲበላ ያ ዓሣ የማን መተዳደሪያ እንደሆነ ያስብ። ይህ ፖለቲካ አይደለም የሚለኝ ካለ፣ እኔ ከዚህ የቀደመ ፖለቲካ አላውቅም።

ቸር እንሰንብት።